ችግኝ መንገድ የለመደበት ታሪክ፦ ከገበያ የእንሰት ጥቅል እስከ ፖስታ ካርቶን

 

የተከላ ወቅት ሲደርስ ስልኬ ላይ የሚበዛው ጥያቄ የማዳበሪያ አይደለም። «ልጄ አዲስ አበባ ዳር ቤት ሠርቷል፤ ከጓሮዬ አሥር እንሰት ነቅዬ በአውቶቡስ ልጫንለት፣ በሕይወት ይደርሳል ወይ?» ይሉኛል። ሌላው ደግሞ «ወንድሜ ካለበት አገር አቮካዶ ሊልክልኝ ነው፣ እንዴት አድርጎ ያሽገው?» ይላል። ውጭ አገር ያለች እህታቸው «የእንሰት ችግኝ በፖስታ ላኩልኝ» ያለቻቸውም አሉ። መልሱን በሦስት መስመር መጻፍ ይቻል ነበር። ግን «ቅጠሉን ቁረጥ፣ አፈሩን አራግፍ» ብዬ ብቻ ባልፍ ለምን እንደሆነ ሳታውቁት ትቀራላችሁ፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ደግሞ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚተወው እሱኑ ነው። ስለዚህ ዛሬ ታሪኩን ላጫውታችሁ። ረዘም ይላል፤ ማታ ከሥራ ስትገቡ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ከራሳችን እንጀምር። ችግኝ ነቅሎ፣ አሽጎ፣ ራቅ ወዳለ ገበያ በማድረስ ሐድያና ከምባታ ከማንም ትምህርት አልተበደረም። እንሰት (ዌሳ የምንለው) በፍሬው ሳይሆን በችግኝ ነው የሚባዛው። እናት እንሰቷን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ይቆርጧታል፣ መሐል እምብርቷን ፍቀው ያወጡታል፣ አሚቾውን ፍግ ባለበት አፈር ይቀብሩታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ዙሪያውን ችግኝ ይፈላል፤ ከአንድ አሚቾ አርባም፣ ስልሳም፣ ከዚያ በላይም ሊወጣ ይችላል። እነዚያ ችግኞች ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጡም። ዓመት ሲሞላቸው ይነቀላሉ፣ ሌላ ቦታ ይተከላሉ፣ እንደገና ይነቀላሉ፤ የመጨረሻ ቦታቸውን እስኪይዙ ድረስ ሁለት ሦስቴ ይዛወራሉ። እንግዲህ በሕይወቱ ይህን ያህል ጊዜ የሚነቀል ሌላ ተክል በጓሯችን ያለ አይመስለኝም።

ለዚህ ነው እናቶቻችን የማሸጉን ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁት። ችግኙ ሲነቀል ቅጠሉ ይቆረጣል። ሥሩ ይከረከማል። ከዚያ አሥር ሃያ ተደርጎ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ይጠቀለልና በቃጫ ይታሰራል፣ በአህያ ወይም በጀርባ ገበያ ይወጣል። ዕለቱን ካልተሸጠ ጥላ ሥር ያድራል እንጂ ፀሐይ ላይ አይተውም። ይህን ሁሉ ያስተማረ መጽሐፍ የለም። ሳይንሱ ግን ትክክል ነው። ቅጠል ውሃ የሚወጣበት በር ነው፤ ሥር ደግሞ ውሃ የሚገባበት። ሲነቀል የመግቢያው በር ተዘጋ። መውጫውን ክፍት ብትተዉት ተክሉ በግማሽ ቀን ይጠወልጋል። ቅጠሉ ከተቆረጠ ግን አሚቾው ውስጥ ያለው ውሃና ምግብ ለቀናት ስንቅ ይሆነዋል። ደረቁ ቅጠል ደግሞ ነፋስ እያስገባ ፀሐይ ይከላከላል። ፕላስቲክ ይህን አያደርግም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እንሰት እንዲህ ስንቁን ይዞ ሲሄድ ሌሎቹ ተክሎች ግን ስንቅ የላቸውም። ቡናን እንይ። ቡና የኛ አገር ልጅ ነው፤ ዓለምን የዞረው ግን ከየመን ተነሥቶ ነው። ሰዎቹ ለምን ፍሬውን በከረጢት ቋጥረው አልሄዱም ብትሉ፣ የቡና ፍሬ ከደረቀ ከጥቂት ወራት በኋላ የመብቀል ኃይሉ ይጠፋል። ጤፍና ስንዴ ዓመት ቢቀመጡ ይበቅላሉ። ቡና፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ካካዎ ግን ከደረቁ ሞቱ ማለት ነው። የጥንት መርከብ ደግሞ ወራት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ምርጫው ሕያው ችግኝ መጫን ነበር።

ሆላንዶች በ1696 ከሕንድ የማላባር ዳርቻ የቡና ችግኝ ወደ ጃቫ ወሰዱ፤ ጎርፍ በላው። በ1699 እንደገና ወሰዱ፤ ያኛው ያዘ። በ1706 ከጃቫ አንድ የቡና ተክል አምስተርዳም ደረሰ። ከእሱ ዘር የወጣ ተክል በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ስጦታ ሆኖ ተሰጠ። ከዚያ ነው ታዋቂው ጉዞ የሚመጣው፦ ገብርኤል ደ ክሊዩ የሚባል የፈረንሳይ መኮንን በ1723 ገደማ የቡና ችግኝ በመስታወት በተሸፈነ ሣጥን አድርጎ ወደ ካሪቢያን ደሴት ወደ ማርቲኒክ ተሻገረ። በመንገድ ላይ የመርከቡ ውሃ አለቀ፤ ለእያንዳንዱ ሰው በልክ ይታደል ጀመር። መኮንኑ የድርሻውን ውሃ ከችግኙ ጋር ተካፍያለሁ ብሎ በስተርጅና ጽፏል። ትንሽ አጋኖት ይሆናል፤ የራሱን ገድል ራሱ ነው የጻፈው። ግን ችግኙ መድረሱ እውነት ነው። በካሪቢያንና በላቲን አሜሪካ የተዘረጋው የቡና እርሻ በአብዛኛው እንዲህ ጥቂት በጥቂት ከተጓዙ ተክሎች የወጣ ነው። የእኛ ጫካ ውስጥ ያለው የቡና ዓይነት ብዛት እነሱ ዘንድ የሌለው ለዚህ ነው።

የደ ክሊዩ ችግኝ ዕድለኛ ነበር። በዚያ ዘመን በባሕር የተጫነ ተክል አብዛኛው ይሞት ነበር። ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፣ መርከበኛው ውሃ ይነፍገዋል፣ ከመርከቡ ሆድ ከገባ ብርሃን የለም፣ ከላይ ከወጣ ማዕበል ይመታዋል። በቻይና ማካው ይኖር የነበረ ሊቪንግስቶን የሚባል ሐኪም በ1819 ሲጽፍ፣ ከቻይና ወደ እንግሊዝ ከሚጫነው ተክል በሕይወት የሚደርሰው ከሺህ አንዱ ነው ብሎ ገምቷል። ከሺህ አንድ!

የዶክተሩ ጠርሙስ

መፍትሔው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ናትናኤል ዋርድ የለንደን ሐኪም ነበር፤ ተክል ይወዳል፣ ግን የለንደን የከሰል ጭስ ጓሮውን ሁሉ ገደለበት። በ1829 የእሳት እራት ኩብኩባ ሲፈለፈል ለማየት ብሎ እርጥብ አፈር ያለበት ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጠና ክዳኑን ዘጋው። ከጊዜ በኋላ ሲያየው ኩብኩባውን ረሳው፤ ከአፈሩ ፈርንና ሣር በቅሎ ነበር። ውጭ ጭሱ የገደለው ተክል በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ፣ ያለ ምንም ውሃ፣ ያምርበታል። ቀን ቀን ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚወጣው እንፋሎት መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ተመልሶ አፈሩን ያርሰዋል። ድስት ስትከድኑ ክዳኑ ላይ የሚንጠባጠበውን ውሃ አስቡት።

ዋርድ ነገሩን ጠርሙስ ላይ አልተወውም። አናጺ አሠርቶ በመስታወት የተሸፈነ የእንጨት ሣጥን አዘጋጀ። በ1833 ፈርንና ሣር የሞሉ ሁለት ሣጥኖች ከለንደን ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሲድኒ ተጫኑ። ከወራት ጉዞ በኋላ አረንጓዴ እንደሆኑ ደረሱ። መርከቡ ሲመለስ ደግሞ የአውስትራሊያ ተክሎች ተጫኑበት፤ በመንገድ በረዶም ሐሩርም አገኛቸው፣ እነሱም ደህና ገቡ። አንድ የለንደን ችግኝ ነጋዴ ውጤቱን ሲናገር፣ ድሮ ከሃያ አሥራ ዘጠኙ ይሞትብኝ ነበር፤ አሁን ከሃያ አሥራ ዘጠኙ ይተርፋል ብሏል። ዋርድ መጽሐፉን በ1842 አሳተመ፤ ሣጥኑ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

በዚህ ሣጥን ምን ያልተጓዘ አለ! ሮበርት ፎርቹን ከ1848 እስከ 1851 ባለው ጊዜ ከቻይና ወደ ሕንድ የሻይ ተክል በሺዎች አሻገረ። የሻይ ዘርም ሲደርቅ ይሞታል። ሰውየው ምን ዘዴ አመጣ? ዘሩን ሣጥኑ ውስጥ ካለው እርጥብ አፈር ጋር ደባልቆ ዘራው፤ በመንገድ ላይ እያለ በቀለለት። የጎማ ዛፍ ታሪክ ደግሞ ሳይታሸግ የተላከ ዘር ምን እንደሚሆን ያሳያል። ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ከብራዚል 70,000 ያህል የጎማ ዘር ወደ ለንደኑ የኪው የዕፅዋት ማዕከል አመጣ። የበቀለው 2,700 ገደማ ነው፤ ከመቶ አራት እንኳ አልሞላም። ከዚያ ግን የበቀሉት ችግኞች በዋርድ ሣጥን ተደርገው ወደ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) ተላኩ፤ አብዛኞቹ ደህና ገቡ። የእስያ የጎማ እርሻ ሥሩ እዚያ ነው። ብራዚሎች እስከ ዛሬ ይህን ነገር ሲያነሱ ይቆጫቸዋል፤ እውነታቸውን ነው።

የኛው እንሰትም በዚያው ዘመን መንገድ ወጥቷል፤ ያውም በችግኝ ሳይሆን በፍሬው። እንሰትን ለአውሮፓ መጀመሪያ በደንብ የገለጸው ከ1769 ጀምሮ አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ሥዕሉን አወጣ፤ ይህ ተክል ሙዝ አይደለም ብሎም ተከራከረ። ሥዕል ግን አይበቅልም። በ1853 በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን «አንሰት» ይሉታል ብሎ ጥቂት ፍሬ ለኪው ላከ። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ጥቁሩን ጠንካራ ፍሬ አይተው ከሙዝ ወገን ይሆናል ብለው አልጠረጠሩም። ተከሉት። በቅሎ ሲያድግ ነው ማንነቱ የታወቀው። ከዚያ ወዲህ እንሰት በአውሮፓ መናፈሻዎች ለጌጥ ይተከላል። ቆጮ መሆኑን የሚያውቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። በሳይንሱ ስም እንሰት ከሙዝ ተለይቶ ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ የተመለሰው በ1947 ነው፤ ብሩስ ከሞተ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይህን ያነሳሁት ውጭ አገር ላሉት ዘመዶቻችን ስለሚጠቅም ነው። የእንሰት ፍሬ ድንጋይ የመሰለ ሽፋን ስላለው ደርቆ ረጅም መንገድ ይችላል፤ ችግሩ ለመብቀል ማስቸገሩ ነው። ደግሞ ከፍሬ የሚወጣው ተክል የእናቱን ዓይነት በትክክል አይዝም። ለጌጥ ይሆናል እንጂ «የአባቴ እንሰት» ሆኖ አይወጣም።

እኛስ ከውጭ ምን ተቀበልን? ብዙ። ባሕር ዛፍ ስሙ ራሱ ይናገራል፦ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ። በ1894 እና 1895 ገደማ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ሞንዶን ቪዳይሌ በሚባለው ፈረንሳዊ አማካሪ ነው የገባው ይባላል። የባሕር ዛፍ ዘር ደቃቅ ነው፤ ደርቆም ይቆያል፤ ከዚህ የሚቀል ጭነት የለም። የኢትዮጵያ ፖስታም የተቋቋመው በዚያው በ1894 ነው። የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 ስለሆነ፣ እስከዚያ ማንኛውም ጭነት በግመልና በበቅሎ ነበር የሚመጣው። ድንችም ከዚያ በፊት፣ በ1858 ገደማ፣ ሺምፐር በሚባለው ጀርመናዊ ነው የገባው፤ ድንችም እንደ አሚቾ ስንቁን የያዘ መንገደኛ ነው። አፕል ደግሞ በ1950ዎቹ ጨንቻ ላይ በሚሲዮናውያን ተተክሎ፣ ከዚያ ችግኙ ወደየደጋው ተሰራጨ። አፕል ቅጠሉን የሚያራግፍበት ጊዜ አለው፤ ያን ጊዜ ነቅለህ ብትልከው ተኝቶ ሄዶ ተኝቶ ይደርሳል።

ሳይጠሩ የመጡ መንገደኞች

እስካሁን ያወራሁት ደስ የሚለውን ነው። አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ዋርድ ሣጥኑን ሲሠራ አንድ ነገር አላሰበም። ችግኙን በሕይወት የሚያደርሰው ሣጥን፣ ቅጠሉ ላይ ያለውን ትልና አፈሩ ውስጥ ያለውን በሽታም በሕይወት ያደርሳል። መርከቡ በነፋስ ሲሄድ ጉዞው ስለሚረዝም ብዙው ነፍሳት በመንገድ ይሞት ነበር። መርከብ በእንፋሎት መሄድ ሲጀምር ከአሜሪካ አውሮፓ በቀናት ይገባ ጀመር። በ1860ዎቹ ከሰሜን አሜሪካ በመጣ የወይን ችግኝ ሥር ላይ ፊሎክሴራ የሚባል ደቃቅ ነፍሳት ፈረንሳይ ገባ። በዓይን ለማየት እንኳ ያስቸግራል። በሃያና ሠላሳ ዓመት ውስጥ የፈረንሳይን የወይን እርሻ አብዛኛውን አወደመው፤ መንደሮች ተሰደዱ። በስተመጨረሻ የተዳኑት ነፍሳቱን የለመደውን የአሜሪካ ወይን ሥር አድርገው፣ የራሳቸውን ከላይ በመዳቀል ነው። የተዳቀለ አቮካዶ ስትተክሉ የምታዩት ዘዴ እሱ ነው። አገሮች በ1878 ስዊዘርላንድ በርን ላይ ተሰብስበው የወይን ችግኝ ዝውውርን የሚገታ ስምምነት ፈረሙ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የዕፅዋት ቁጥጥር ሕግ ሁሉ አያቱ ያ ስምምነት ነው ማለት ይቻላል፤ በ1951 ሮም ላይ ዓለም አቀፍ ሆነ።

ይህ የፈረንጅ ታሪክ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ወደ ጓሯችን እንመለስ።

የእንሰት አጠውልግ በሽታን የማያውቅ እዚህ የለም። መሐሉ ያለው ለጋ ቅጠል ይገረጣል፣ ይጎብጣል፣ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ያዣል። ምልክቱን አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ በ1939 ጽፎታል። መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን በ1968 ለዓለም ያሳወቁት ግን የኛው ሰው ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው ነው። በ1974 ደግሞ ሙዝንም እንደሚይዝ እነሱ ራሳቸው አሳዩ። ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ በሽታ ብቻ ተብሎ ቆየ። በ2001 ኡጋንዳ፣ ሙኮኖ በሚባል ወረዳ ሙዝ ላይ ታየ፤ ከዚያ በጥቂት ዓመታት የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ሙዝ አዳረሰ። ሙዝን እንደ ቆጮ የዕለት ምግባቸው ያደረጉ ቤተሰቦች ባዶ ቀሩ።

ይህ በሽታ እግር የለውም። የሚሄደው በሰው ነው፦ በበሽተኛው እንሰት ላይ ውሎ ሳይጸዳ ጤነኛውን በቆረጠ ቢላዋ፣ የታመመውን ቅጠል በበላ ከብት፣ ደግሞም በችግኝ። አደገኛው ችግኙ ነው፤ ምክንያቱም ባክቴሪያውን ተሸክሞ ለጊዜው ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ገበያ ላይ አረንጓዴና ወፍራም ሆኖ ታየዋለህ፣ ዋጋ ተከራክረህ ትገዛለህ፣ ጓሮህ ከገባ በኋላ ነው ምልክቱ የሚወጣው። ያን ጊዜ አጠገቡ ያሉት አምስትና ስድስት ዓመት የለፋህባቸው ናቸው። መድኃኒት የለውም። ያለው ምርጫ ነቅሎ መቅበር ነው። እንሰት በአገራችን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚደገፍበት፣ ዝናብ ሲቀር የማይከዳ ምግብ ስለሆነ፣ የጠፋው የአንድ ዓመት ሰብል ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው መንገደኛ ሥር ላይ የሚቀመጠው ነው። የእንሰት ሥር ሚሊባግ፣ ነጭ ዱቄት የተነፋበት የሚመስለው ደቃቅ ነፍሳት፣ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው በ1988 ከወናጎ ነው፤ ዛሬ ብዙ የእንሰት አካባቢዎች ውስጥ አለ። እሱም በራሱ ሩቅ አይሄድም። በዋናነት ያሰራጨው ሥሩ ሳይታጠብ ሳይከረከም የተጓዘ ችግኝ ነው። እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ሥር የመከርከም ልማድ አስታውሱ፤ ዛሬ «ሥሩ ቢቀር ቶሎ ይይዛል» ብሎ ከነአፈሩ በማዳበሪያ ጆንያ የሚጭን ነጋዴ ያንን ልማድ ነው የተወው።

ሦስተኛው የማንጎ ነጭ ስኬል ነው። በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ አንድ የግል እርሻ ላይ ታየ፤ ከሕንድ ከመጣ የማንጎ ችግኝ ጋር እንደገባ ይታመናል። ቅጠሉን በነጭ ነጠብጣብ ይሸፍናል፣ ፍሬው ላይ ሮዝ መሳይ ምልክት ትቶ ገበያ ያሳጣዋል። ዛሬ ስምጥ ሸለቆም ደቡቡም ደርሷል። አንድ ጭነት ችግኝ ነው እንግዲህ።

አሁን እንዴት እንላክ?

በሕጉ ልጀምር፤ አጭር ነው። ኢትዮጵያ የዕፅዋት ጥበቃ ድንጋጌ ያወጣችው በ1971 ነው፤ የዕፅዋት ኳራንቲን ደንብ ደግሞ በ1992 ወጣ። ወደ ውጭ የሚላክም ሆነ ከውጭ የሚገባ ሕያው ተክል ተመርምሮ የዕፅዋት ጤና ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፤ ከውጭ ለማስገባት ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ። ፖስታ ቤት ስለተቀበላችሁ ብቻ ያልፋል ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ መንገደኛ በሻንጣው የሚይዘውን ችግኝ እንኳ ያለ ሰርተፊኬት አያስገባም። አሜሪካ አፈር ያለ ፈቃድ አታስገባም። ስለዚህ ለውጭዋ እህት የሚሆነው መልስ ይኸው ነው፤ ያለ ወረቀት የተላከ እንሰት እዚያ ሲደርስ ይቃጠላል፣ የፖስታው ገንዘብም አብሮ። ከዚያ ወዲህ ያለው ወንድምም አቮካዶውን በካርቶን አድርጎ እንዳይልክ ንገሩት። የተዳቀለ አቮካዶ ከታወቀ ችግኝ ጣቢያ እዚሁ ይገኛል።

በአገር ውስጥ፣ ከሆመቾ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ለሚሄደው ግን ዋናው ሥራ ከመነቀሉ በፊት ነው። ችግኙ የሚነቀልበትን ጓሮ ዙሩ። አንድ እንሰት እንኳ መሐል ቅጠሉ ከጠወለገ ከዚያ ጓሮ ምንም አይወጣም፤ ለዘመድም ቢሆን፣ ለልጅም ቢሆን። «አንዱ ታሟል እንጂ ሌላው ጤነኛ ነው» የሚለውን እኔ አልቀበልም። ቢላዋውን በእሳት አጋሉት ወይም በበረኪና አጽዱት፤ በየእንሰቱ መሐል እንጂ በቀን አንዴ አይደለም።

ከዚያ ቅጠሉ ይቆረጥ። ሥሩ ይከርከም፣ በውሃ ይታጠብ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት አይላክ። አፈሩ እዚሁ ይቅር። ከታጠበ በኋላ በጥላ ላዩ እስኪደርቅ ጠብቁት። እርጥብ ተደርጎ የታሸገ ይበሰብሳል፤ ከድርቀት ይልቅ ብስባሽ ነው ብዙ እንሰት በመንገድ የሚገድለው። በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልሉ፤ ካርቶን ካለ ጎኑን ብሱት።

ፕላስቲክ ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። አንዳንዱ ሰው የዋርድን ሣጥን የመሰለ ነገር በፌስታል ለመሥራት ይሞክራል። የዋርድ ሣጥን ግን ብርሃን ነበረው፣ ተክሉም ሥሩ አፈር ውስጥ ተተክሎ ነበር። የተነቀለ ችግኝ በተቋጠረ ፌስታል ውስጥ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ ቀትር ፀሐይ ሲመታው ይቀቀላል። በፕላስቲክ ቱቦ ያለ የአቮካዶ ወይም የቡና ችግኝ ከሆነ የሚላከው ነገሩ ይለያል፤ እሱ ከነአፈሩ ስለሆነ የሚሄደው ከታወቀ ጣቢያ ብቻ ይሁን። ባለፈው ማታ ውሃ አጠጡት፣ ጠዋት አታጠጡት። ቱቦዎቹን ካርቶን ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ አቀራርቡ፣ መሐላቸውን በሣር ሙሉት፣ እንዳይንገዳገድ። ግንዱ ላይ የተዳቀለበትን ቦታ በቀጭን እንጨት ደግፉት፤ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። «ይህ ወገን ወደ ላይ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፤ ረዳቱ ካላነበበው ደግሞ በቃል ንገሩት።

ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ችግኝን የሚገድለው መንገዱ ሳይሆን መናኸሪያው ነው። ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ጫኑ፤ ተቀባዩ ሰዓቱን አውቆ ቆሞ ይጠብቅ። ቅዳሜ ከሰዓት የተላከ ዕቃ እሑድን መጋዘን ሊያድር ስለሚችል ከሰኞ እስከ ረቡዕ ያለው ይሻላል። ሲደርስ ወዲያው ይፈታ፤ እንሰት ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ሥር ቢያድር አይጎዳም፤ የቱቦ ችግኝ ግን ጥላ ሥር ውሃ ይጠጣና ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው ፀሐይ የሚያየው።

ከውጭ ገዝታችሁ ለምታስገቡትም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ከሩቅ ገበያ የመጣ የእንሰት ችግኝ ከነባሩ እንሰት መሐል አይተከል። ከሌላው ራቅ ያለ፣ ውሃ ከእሱ ወደ ጓሯችሁ የማይወርድበት ጥግ ላይ ለብቻው ይቆይ፤ ለእሱ የምትጠቀሙበት ቢላዋና ዶማም የብቻው ይሁን። ቢያንስ አንድ ዓመት ጤነኛነቱን እዩት፤ ለማንኛውም ዓመት ሲሞላው መዛወሩ አይቀርም። በሽታውን በተሻለ የሚቋቋሙ እንደ ማዝያ ያሉ ዝርያዎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ከመያዝ ነፃ አይደሉም፤ ስማቸውን ብቻ ሰምታችሁ ከገበያ አትግዙ።

ችግኝ ከመጫናችሁ በፊት የመሐል ቅጠሉን፣ የተቆረጠውን ግንድና የታጠበውን ሥር በስልካችሁ ቀርባችሁ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱና በዚሁ ገጽ ላኩልኝ። የምልሰው ማታ ማታ ነው፤ መረብ ካለ።